ከድሬዳዋ ሆኖ ወደ መራጭ ኮሌጆች የመግባትን ዕድል እንዴት መመዘን ይቻላል?

በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ በድሬዳዋም ሆነ በሐረር የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎችና ወላጆቻቸው አንድ ጥያቄ ያነሳሉ፤ «ይህ ልጅ አሜሪካ ካሉት ታላላቅ ኮሌጆች በአንዱ ሙሉ ድጋፍ አግኝቶ መማር ይችላል ወይ?» የሚል። የሚያገኙት መልስ ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ «ጎበዝ ስለሆነ አያቅተውም» ይባላሉ፣ ወይ ደግሞ «ከዚህ ድረስ ማን ይቀበለዋል» ተብለው ተስፋ ይቆርጣሉ። ሁለቱም ምዘና አይደሉም። ምዘና የሚሆነው ተማሪው ከየትኞቹ አመልካቾች ጋር እንደሚወዳደር፣ ቤተሰቡ በእርግጥ ምን ያህል መክፈል እንደሚችልና የትምህርት መረጃው በገዛ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ምን ቦታ እንደሚያሲዘው አንድ በአንድ ተጣርቶ ሲታወቅ ነው። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ተማሪው ራሱ፣ ወላጆቹ ወይም የሚረዳው መምህር ይህን ሥራ በሁለትና ሦስት ቅዳሜዎች ውስጥ ሠርተው እንዲጨርሱ ለማገዝ ነው።

በመጀመሪያ ሁሉም ሰው ስለሚጠቅሰው ቁጥር እንነጋገር። ሃርቫርድ በ2024 እ.ኤ.አ. ለገባው ክፍል 54,008 ማመልከቻ ተቀብሎ 1,937 ተማሪዎችን መርጧል፤ ይህም 3.6 በመቶ ገደማ ነው። ኤምአይቲ (የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም) በዚያው ዓመት ከ28,232 አመልካቾች 1,284 ተቀብሏል፤ ይህም 4.5 በመቶ ገደማ ይሆናል። እነዚህ ቁጥሮች እውነተኛ ቢሆኑም ለድሬዳዋ ተማሪ የተሰሉ አይደሉም። በሃርቫርድ ቁጥር ውስጥ በስፖርት የተመለመሉና ወላጆቻቸው በዚያው የተማሩ አመልካቾች አሉበት፤ በኤምአይቲም የውጭ አገር ተማሪዎች የመመረጥ ምጣኔ ከአጠቃላዩ ግማሽ እንኳን አይሞላም። ስለዚህ አጠቃላዩን ምጣኔ እንደ ጣሪያ እንጂ እንደ ግምት አትያዙት፤ ከኢትዮጵያ ሆኖ ሙሉ ድጋፍ የሚጠይቅ አመልካች እውነተኛ ዕድል አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በታች ነው።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ የሒሳብ ስህተት አለ፤ ብዙ ገንዘብና ብዙ ተስፋ የሚያባክነውም እሱ ነው። «እያንዳንዳቸው አራት በመቶ የሚቀበሉ አሥር ኮሌጆች ላይ ካመለከትኩ ቢያንስ አንዱ የሚቀበለኝ ዕድል አንድ ሦስተኛ ይደርሳል» የሚል ነው። ስሌቱ በወረቀት ላይ ትክክል ነው፤ 0.96 አሥር ጊዜ በራሱ ሲባዛ 0.66 ገደማ ስለሚሆን የሚቀረው 34 በመቶ ነው። ነገር ግን ይህ የሚሠራው የአንዱ ኮሌጅ ውሳኔ ከሌላው ጋር ምንም ዝምድና ከሌለው ብቻ ነው። አሥሩም ኮሌጆች የሚያዩት ያንኑ ትራንስክሪፕት፣ ያንኑ የመምህር ደብዳቤና ያንኑ ድርሰት ነው፤ አንዱን ያላሳመነው ፋይል ሌላውንም ላያሳምን ይችላል። ማመልከቻ ማብዛት ጥቂት ይጠቅማል፤ የፋይሉን ድክመት ግን አይሸፍንም።

ከገንዘብ ጀምሩ

ብዙዎች በውጤት ይጀምሩና ገንዘቡን መጨረሻ ላይ ያስታውሱታል። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት፤ ምክንያቱም ለእኛ ተማሪዎች ዕድሉን ከምንም ነገር በላይ የሚወስነው ይኸው ነው። በእነዚህ የግል ኮሌጆች የአንድ ዓመት ትምህርት፣ ማደሪያና ምግብ ከ85 ሺህ ዶላር በላይ ደርሷል። ቤተሰቡ ከዚህ ውስጥ መክፈል የሚችለው ምንም ካልሆነ «ምንም» ብሎ መጻፍ ያስፈልጋል። በዘመድ ተስፋ የተሞላ ቁጥር በኋላ የቪዛ ቃለ መጠይቅ ላይ ይጋለጣል።

ቀጥሎ ኮሌጆቹን በገንዘብ አያያዛቸው በሦስት ከፍሉ። የመጀመሪያዎቹ የውጭ አገር አመልካችን ሲመርጡ የመክፈል አቅሙን የማይመለከቱና ከተቀበሉት የጎደለውን በሙሉ የሚሸፍኑ ናቸው፤ ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲና አምኸርስት ለረጅም ጊዜ በዚህ አሠራር የቆዩ ሲሆኑ ዳርትመዝና ቦውደን በ2022 እ.ኤ.አ.፣ ኖተርዳም በ2024፣ ብራውን ደግሞ በ2025 ከሚገባው ክፍል ጀምሮ ተቀላቅለዋል። ሁለተኛዎቹ ለተቀበሉት ተማሪ የሚያስፈልገውን ሁሉ ይሸፍናሉ፤ ሲመርጡ ግን ተማሪው ምን ያህል እንደሚያስወጣቸው ያያሉ። ለውጭ ተማሪዎች የተመደበው በጀት ሲያልቅ ጎበዝ ተማሪም ይቀራል፤ በዚህ ጊዜ የመጣው እምቢታ ስለ ተማሪው ችሎታ ምንም አይናገርም። ሦስተኛዎቹ ከፊል ድጋፍ ብቻ የሚሰጡ ናቸው። አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከዚህ ይመደባሉ፤ የመክፈል አቅም ለሌለው ቤተሰብ ቅበላ ቢገኝ እንኳ ጥቅሙ ወረቀት ከመሆን አያልፍም። እነዚህን ከመጀመሪያው ከዝርዝሩ ማውጣት ጭካኔ መስሎ ይታያል እንጂ ልጁን ከከንቱ ድካም ማዳን ነው።

አንድ ኮሌጅ ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ማስታወቂያውን ሳይሆን ኮመን ዳታ ሴት የሚባለውን ሰነድ ፈልጉ። አብዛኞቹ ኮሌጆች በየዓመቱ በአንድ ወጥ ቅጽ ሞልተው በድረ ገጻቸው ላይ ያወጡታል፤ የኮሌጁን ስምና የሰነዱን ስም በእንግሊዝኛ አብሮ መፈለግ ይበቃል። በዚህ ሰነድ ኤች6 በተባለው ክፍል ለውጭ አገር ተማሪዎች ድጋፍ ይሰጥ እንደሆነ፣ ስንት ተማሪዎች እንዳገኙና አማካዩ ስንት ዶላር እንደሆነ ተጽፏል። አማካዩ ከ70 ሺህ ዶላር በላይ ከሆነ ኮሌጁ የሚረዳቸውን በሙሉ ወይም በሙሉ በሚጠጋ ደረጃ ይረዳል ማለት ነው። አማካዩ 20 ሺህ ከሆነ የቀረውን 65 ሺህ ማን ይከፍላል? የተረጂዎቹ ቁጥር የአራቱንም ዓመት ተማሪዎች ስለሚይዝ፣ ለአራት ስታካፍሉት ደግሞ ከአንድ ዓመት ገቢዎች ውስጥ ስንቱ ድጋፍ እንዳገኙ በግምት ይታወቃል። ቁጥሩ 12 ወይም 15 ሆኖ ካገኛችሁት፣ ከመላው ዓለም የሚመጣው አመልካች ለዚያች ጥቂት ቦታ እንደሚወዳደር ተረዱ።

በዚሁ አጋጣሚ፣ አቅም የሌላቸውን ጎበዝ ተማሪዎች ከኮሌጆች ጋር የሚያገናኘው ኩዌስትብሪጅ የሚባለው ታዋቂ ፕሮግራም ለአሜሪካ ዜጎችና ቋሚ ነዋሪዎች ወይም እዚያው ሁለተኛ ደረጃ ለሚማሩ እንጂ ከኢትዮጵያ ለሚያመለክት ኢትዮጵያዊ ተማሪ የተዘጋጀ አይደለም። በየዓመቱ ጊዜያቸውን በእሱ የሚያጠፉ ተማሪዎች ስላሉ ነው ማንሳቴ።

ካርዱን ማንበብ

የትምህርት መረጃ ሲባል ብዙ ሰው አማካይ ውጤቱን ብቻ ያያል። የኮሌጅ መራጭ ግን ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያለውን መስመር ይከተላል፤ ውጤቱ እየወጣ ነው ወይስ እየወረደ፣ በሒሳብና በፊዚክስ የተገኘው በእንግሊዝኛ ከተገኘው ጋር ምን ያህል ይራራቃል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከዚያው ትምህርት ቤት ልጆች መካከል የት ላይ ይገኛል የሚለውን ይጠይቃል። ከመቶ የተሰጠውን ውጤት ራሳችሁ ወደ አራት ነጥብ መለኪያ አትቀይሩት። መራጮቹ በየአገሩ መለኪያ ማንበብ ሥራቸው ነው፤ በግምት የተቀየረ ቁጥር ግን ጥርጣሬ ያመጣል።

እዚህ ላይ በብዙ ትምህርት ቤቶቻችን የሚያጋጥም አንድ ነገር በዝርዝር መታየት አለበት። በካርዱ ላይ የሚጻፈው ደረጃ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሴክሽን ውስጥ ያለው ነው፤ «ከ58 ተማሪ 1ኛ» የሚል። የማመልከቻው ቅጽ ግን የሚጠይቀው በጠቅላላው የክፍል ደረጃ ስንተኛ እንደሆነ ነው። በትምህርት ቤቱ ስድስት ሴክሽኖች ካሉና ጠንካሮቹ በአንድ ላይ ከተመደቡ፣ በአንዱ ሴክሽን 5ኛ የወጣ ልጅ በሌላው 1ኛ ከወጣው ሊበልጥ ይችላል። መፍትሔው አድካሚ ቢሆንም ግልጽ ነው። በርዕሰ መምህሩ ፈቃድ የስድስቱም ሴክሽን ሮስተር ከሪከርድ ክፍል ይወጣል፣ የየተማሪው አማካይ ከላይ ወደ ታች ይደረደራል፣ የተገኘው ደረጃ በትምህርት ቤቱ ማኅተም ተረጋግጦ ይያዛል። ግማሽ ቀን የሚወስድ ሥራ ነው፤ «ከ352 ተማሪዎች 4ኛ» የሚል የተረጋገጠ መረጃ ግን «ከክፍሉ 1ኛ» ከሚለው እጅግ የበለጠ ክብደት አለው። ይህን ሥራ ለአንድ ተማሪ ብላችሁ ስትጀምሩ ለሌሎቹም ሠርታችሁ ጨርሱት፤ ሮስተሩ አንዴ ከወጣ በኋላ የሁሉም ደረጃ እዚያው ላይ አለ።

ሌላው የሚጎድለን የትምህርት ቤት መግለጫ ነው። ይህ አንድ ገጽ የሚሆን ጽሑፍ ሲሆን ትምህርት ቤቱ የት እንደሚገኝ፣ ስንት ተማሪ በአንድ ክፍል እንደሚቀመጥ፣ ቤተ ሙከራና ቤተ መጻሕፍት እንዳለው ወይም እንደሌለው፣ ውጤት እንዴት እንደሚሰጥና ተመራቂዎቹ የት እንደሚደርሱ ይናገራል። በዚህ ገጽ ላይ ስለ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ጥቂት መስመር መጻፍ ትልቅ ጥቅም አለው። ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. ፈተና ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በመጀመሪያው ዓመት 3.3፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ነበሩ። ይህን የማያውቅ አንባቢ ከ600 የተገኘን 430 ሲያይ መካከለኛ ውጤት ሊመስለው ይችላል፤ እነዚህ ቁጥሮች አጠገቡ ሲቀመጡ ግን ያ ውጤት ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ ይገባዋል። መግለጫውን ርዕሰ መምህሩ ሊፈርምበት ይገባል፤ ረቂቁን ግን መምህር ወይም ወላጅ ማዘጋጀት ይችላል።

ፈተናዎች

ለአሜሪካ ኮሌጆች መግቢያ የሚያገለግለው የኤስኤቲ ፈተና ከ400 እስከ 1600 ይለካል። ከመጋቢት 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአሜሪካ ውጭ የሚሰጠው በኮምፒውተር ብቻ ነው። ኤምአይቲ፣ ዳርትመዝ፣ ሃርቫርድና ብራውን ፈተናውን መልሰው ግዴታ አድርገዋል፤ ሌሎች ብዙዎች አሁንም በአመልካቹ ምርጫ ትተውታል። በኮመን ዳታ ሴት ሲ9 በተባለው ክፍል የገቡት ተማሪዎች ውጤት በሩብና በሦስት ሩብ ነጥቡ ተከፍሎ ይታያል። ለምሳሌ «1500 እና 1560» ካለ፣ ከገቡት ሩቡ ከ1500 በታች፣ ሩቡም ከ1560 በላይ ናቸው ማለት ነው። ተማሪያችሁ 1420 ካመጣ ከታችኛው ሩብ ውስጥ ነው፤ በሩ ተዘግቷል ማለት ግን አይደለም። ዳርትመዝ በ2024 እ.ኤ.አ. ፈተናውን ሲመልስ ከሰጣቸው ምክንያቶች አንዱ፣ አቅም ከሌላቸው ቤተሰቦች የመጡ አመልካቾች ሊጠቅማቸው ይችል የነበረን ውጤት ሳያስገቡ መቅረታቸው ነበር፤ ውጤት የሚነበበው ተማሪው ከተማረበት ትምህርት ቤት አንጻር ነውና። በእኔ አስተያየት መራጩ ስለ ትምህርት ቤቱ ምንም የማያውቅ በሚሆንበት ጊዜ፣ ከሩብ ነጥቡ ጥቂት ዝቅ ያለ ውጤትም ቢሆን ከባዶ ቦታ ይሻላል።

የልምምድ ፈተናዎቹ ብሉቡክ በሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም በነጻ ይገኛሉ፤ ካን አካዳሚ የሚባለው ድረ ገጽም የዝግጅት ትምህርቱን በነጻ ይሰጣል። ፈተናው በስልክ አይሠራም፤ ላፕቶፕ ወይም የተፈቀደ ታብሌት ይፈልጋል። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ለምንኖር፣ የሚበደሩት ላፕቶፕ ባትሪ ቢያንስ ለሦስትና አራት ሰዓት እንደሚቆይ አስቀድሞ ማረጋገጥ ከዝግጅቱ አንዱ ክፍል ነው። ፈተናው አዲስ አበባ የሚሰጥ ከሆነ የጉዞና የማደሪያ ወጪውንም ከመመዝገቢያው ጋር ደምሩ። ዕድሉን ለመመዘን ግን ጉዞው አያስፈልግም፤ በሁለት የተለያዩ ቅዳሜዎች ሰዓት ተይዞ የተሠራ ልምምድ ከእውነተኛው ብዙም የማይርቅ ግምት ይሰጣል።

ቁጥር የማይነግራችሁ

በዚያው ሰነድ ሲ7 የተባለው ሠንጠረዥ ኮሌጁ ለየትኛው ነገር ምን ያህል ክብደት እንደሚሰጥ «በጣም አስፈላጊ» ከሚለው እስከ «የማይታይ» ድረስ ይዘረዝራል። ድርሰት፣ የመምህር ደብዳቤ፣ ጠባይና ከትምህርት ውጭ ያለ ሥራ በብዙዎቹ ከላይኞቹ ረድፎች ይገኛሉ። እነዚህን በቁጥር መመዘን ባይቻልም በሐቀኝነት መመርመር ይቻላል።

የእኛ ልጆች በዚህ በኩል ራሳቸውን አሳንሰው ያያሉ። ክበብ ስለሌላቸው «ምንም አልሠራሁም» ብለው በማመልከቻው ቅጽ ላይ ከትምህርት ውጭ ላለ ሥራ የተተዉትን አሥር ቦታዎች ባዶ ይተዋሉ። ብዙ ኮሌጆች በጋራ የሚቀበሉት ኮመን አፕ የሚባለው ማመልከቻ ግን የቤተሰብ ኃላፊነትንና በክፍያ የተሠራ ሥራን ለይቶ ይቀበላል። ከትምህርት በኋላ በከፊራ ገበያ የእናቷን መደብ የምትጠብቅና የዕለቱን ሒሳብ የምትዘጋ ልጅ፣ ጤና ጣቢያ ለሄዱ ጎረቤቶች ከኦሮምኛና ከሶማልኛ ወደ አማርኛ የሚያስተረጉም ልጅ፣ ለታናናሾቹ ሒሳብ የሚያስጠና ልጅ የሚጻፍ ነገር አላቸው። የሚጠየቀው በሳምንት ስንት ሰዓት፣ በዓመት ስንት ሳምንት፣ ምን ኃላፊነትና ምን ለውጥ እንደሆነ ነው። ያልነበረ ማኅበር ፈጥሮ ሊቀመንበር ነበርኩ ማለት ሐሰት ከመሆኑም በላይ የመምህሩ ደብዳቤ ስለማይደግፈው ፋይሉን ያበላሸዋል።

የመምህር ደብዳቤን በተመለከተ መመዘኛው አንድ ነው፤ መምህሩ ስለ ልጁ አንድ የተወሰነ ድርጊት ሊናገር ይችላል ወይ? ስድሳ ልጆች ያሉበትን ክፍል የሚያስተምር መምህር «ታታሪና ትሑት ነው» ብሎ ቢያበቃ አይፈረድበትም፤ እንዲህ ያለው ደብዳቤ ግን ለማንም ስለሚጻፍ የልጁን ዕድል አያነሳም። ተማሪው አብሮት የሠራውን መምህር አስቀድሞ መርጦ የሠራቸውን ነገሮች በጽሑፍ ቢያስታውሰው ነውር የለውም።

አንድ ምሳሌ

ሳቢያን አካባቢ በሚገኝ የመንግሥት ትምህርት ቤት የምትማር አንዲት ተማሪ እናስብ። አማካይዋ በዘጠነኛ 88፣ በአሥረኛ 90፣ በአሥራ አንደኛ 94.6 ነው፤ ሒሳብ 97፣ እንግሊዝኛ 86። ሮስተሩ ሲደረደር ከ352 ተማሪዎች 4ኛ ሆናለች። በብሉቡክ ልምምድ 1380 አግኝታለች፤ ከዚህ ውስጥ 740 የሒሳብ፣ 640 የንባብና የጽሑፍ ነው። ቤተሰቧ መክፈል የሚችለው ምንም ነው።

የገንዘብ አቅምን በማይመለከቱትና አጠቃላይ ምጣኔያቸው አራት በመቶ በሆኑት ኮሌጆች ዕድሏን ከሃምሳ አንድ (ማለትም ከሁለት በመቶ) በታች አድርጌ እጽፈዋለሁ። ሁለት ወይም ሦስት ኮሌጆች እዚህ ላይ ይበቋታል። የሚያስፈልገውን ሁሉ በሚሸፍኑ ነገር ግን ወጪውን በሚመለከቱ ትንንሽ ኮሌጆች፣ በኤች6 ላይ በዓመት 20 እና ከዚያ በላይ የውጭ ተማሪዎችን በሙሉ እንደሚረዱ ባሳዩት ዘንድ፣ የሒሳብ ውጤቷና ደረጃዋ ትኩረት ሊስቡላት ይችላሉ፤ እዚህ ላይ ከሃያ አንድ (ማለትም አምስት በመቶ) ብዬ እጀምርና የእንግሊዝኛው ክፍል ወደ 700 ከፍ ካለ ግምቱን አሻሽላለሁ። አብዛኛው ማመልከቻዋ መሄድ ያለበት ወደነዚህ ነው፤ ግሪኔልና ኮልቢን የመሳሰሉት የማመልከቻ ክፍያ ስለማያስከፍሉ ሸክሙም ይቀላል። በኬንታኪ የሚገኘው ቢርያ ኮሌጅ ከማንም የትምህርት ክፍያ አይቀበልም፤ በዓመት የሚያስገባቸው የውጭ ተማሪዎች ግን ወደ 30 ገደማ ስለሆኑ እሱንም አስተማማኝ ብሎ መመዝገብ አይቻልም። አስተማማኙ እዚሁ አገር ያለው ነው። ብሔራዊ ፈተናውን አልፋ በሐረማያ፣ በድሬዳዋ ወይም በሌላ ዩኒቨርሲቲ መመደብ፣ ወይም ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ራስ ገዝ ሆኖ ተማሪዎቹን በራሱ ፈተና ወደሚቀበለው ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማመልከት በዝርዝሯ ላይ በጉልህ መጻፍ አለበት።

ግምቱን እንዲህ በቁጥር የምጽፈው ትክክለኛ ስለሆነ አይደለም፤ ቤተሰቡ «ከሃምሳ አንድ» ሲያነብ የሚወስነውና «ዕድል አለሽ» ሲባል የሚወስነው ስለሚለያይ ነው። በዚህ ምክንያት «መቶ በመቶ እናስገባለን» እያሉ ገንዘብ የሚቀበሉ ደላሎችንና ኤጀንሲዎችን ማመን አይገባም። ሃምሳ ሺህ አመልካች ባለበት ቦታ መቶ በመቶ ማረጋገጥ የሚችል ሰው የለም፤ ለዚህ ተብሎ የተሸጠ ንብረት ደግሞ አይመለስም። በአሜሪካ ኤምባሲ በኩል የሚሰጠው የኤጁኬሽን ዩኤስኤ የምክር አገልግሎት በነጻ ነው።

የጊዜው ነገር

የቅድሚያ ማመልከቻዎች በአብዛኛው ጥቅምት 22፣ መደበኞቹ ደግሞ ታኅሣሥ 23 አካባቢ ይዘጋሉ። በቅድሚያ ማመልከት የመቀበል ምጣኔውን ከፍ አድርጎ ቢያሳይም፣ በዚያ ወረፋ ውስጥ በስፖርት የተመለመሉት ስለሚበዙ ልዩነቱን ሙሉ በሙሉ ለራሳችሁ አትቁጠሩት። ግዴታ የሚያስገባው ዓይነት ከሆነ ደግሞ አንድ ኮሌጅ ብቻ ስለሚመረጥ፣ ኤች6 ላይ ቁጥሩ ጠንካራ ለሆነው ይቆይ።

የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ካርድ ሲወጣ ወዲያውኑ ይላክ፤ የተሻሻለ ውጤት ካለ ግምቱም በዚያን ጊዜ ይከለስ። መልሱ በመጋቢት ይመጣል፤ የሚያዝ ቦታ እስከ ሚያዝያ 23 መረጋገጥ አለበት። ከማረጋገጣችሁ በፊት የድጋፍ ደብዳቤውን ከሙሉው ወጪ ጋር መስመር በመስመር አስተያዩ፤ የጤና መድንና የአውሮፕላን ትኬት ብዙ ጊዜ ከድጋፉ ውጭ ይቀራሉ። በመጨረሻም የአሜሪካ ኮሌጆች ትምህርት የሚጀምሩት በነሐሴ መጨረሻ አካባቢ ሲሆን የብሔራዊ ፈተናችን ውጤት በቅርብ ዓመታት የተገለጸው በጳጉሜንና በመስከረም ነው። ስለዚህ ርዕሰ መምህሩ ቅበላው እንደተገኘ ለኮሌጁ በጽሑፍ ያሳውቅ፤ ውጤቱ ዘግይቶ እንደሚደርስ ገልጾ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል የመጨረሻ ትራንስክሪፕት ለምዝገባ ይበቃ እንደሆነ ይጠይቅ፣ መልሱንም ከተማሪው ፋይል ጋር ያስቀምጥ።